እንቁላል የምታህል ጨጓራ ይዤ ዋግ ደረስኩ

ከሰቆጣ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን በላሽ?» መንገዱ እንዴት ነበር፣ አገሩስ ምን ይመስላል የሚል የለም። ፍየሉንና ማሩን በወሬ ሰምተዋል። እኔም በዱሮ ዝናዬ አንድ ሙሉ ክትፎ ጨርሼ «ሌላስ?» የምል ሴት ነበርኩ። ስለዚህ ዋግ ሄጄ ምን እንዳልበላሁ ልንገራችሁ፤ የኔ ጉዞ የሚጥመው በዚያ በኩል ነው።

በቅድሚያ ሆዴን ላስተዋውቃችሁ፣ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰውነቴ ከልክ አልፎ፣ ጉልበቴም አልሸከምሽም ብሎ ነበር። ሐኪሞች ጨጓራዬን እንቁላል እስክታህል አሳነሱና ከአንጀቴ ጋር በአቋራጭ አገናኙት። ግማሽ ሰው ሆንኩ። ሰፈርተኛው «ምን አገኛት?» እያለ ሲያንሾካሹክ «ሱባዔ ይዤ ነው» አልኩ። ለገዛ ወንድሜ እንኳ «የሐሞት ጠጠር አወጡልኝ» ነው ያልኩት። ደህና ከረምኩ፤ ከዚያ ረሃቡ ተመለሰ፣ ኪሎውም ጓዙን ጠቅልሎ ተከተለው። ሐኪሜ «እኛ የቆረጥነው ጨጓራሽን ነው፣ ረሃብሽን አልቆረጥነውም። አንቺ ያጠፋሽው የለም» አለችኝና በሳምንት አንድ ቀን ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ አዘዘችልኝ። እስክሪብቶ ነው የሚመስለው። እሱን ከወጋሁ በኋላ ምግብ እንደ ሩቅ ጎረቤት ይሆንብኛል፤ ሰላም ብዬው አልፋለሁ።

ወደ ዋግ ያስኬደኝ ወንድሜ ዳዊት ነው። እናታችን ስትሞት ገና ሕፃን ነበርና ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሰቆጣ የውሃ ባለሙያ ሆኖ ተመደበ፤ እዚያው ለምለም የምትባል የፃግብጂ ወረዳ ልጅ፣ አስተማሪ፣ ወደደ። ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ ሽማግሌ ይዘሽልኝ ነይ፤ እንደ እናት ሆነሽ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» ሲለኝ አለቀስኩ። በዕድሜዬ ሁሉ የለፋሁለት ልጅ ነው። ይህ ጉዳይ ቢበላሽ የማበላሸው እኔ እንዳልሆን ብቻ ነበር ጸሎቴ።

ሐሙስ

ሽማግሌያችን የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተፈሪ ናቸው። አንደበታቸው ርቱዕ ነው፣ ሆዳቸውም አይሰንፍም። አውሮፕላን ላይ ቀበቶዬን ሳስር ትርፍ ተረፈኝና ደስ አለኝ። ዱሮ መቀጠያ ካልመጣልኝ አይዘጋም ነበር፤ አስተናጋጇ ያንን መቀጠያ ሰው ሁሉ እያየ ከፍ አድርጋ ይዛ ስትመጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። የደረሰኝን ዳቦ ጋሽ ተፈሪ በሉልኝ። «ሱባዔሽ ለኔ ተስማማኝ» አሉኝ።

ላሊበላ ወርደን ወደ ሰቆጣ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ ዳገቱን ሲጨርስ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱን ሲጨርስ አቧራ ነው። እኛ ሰፈር ያለችው ጉድጓድ ታማርረን የለ፣ እዚያ ብትሆን ኖሮ ሜዳ ትባል ነበር። መርፌዬን ሙቀት እንዳይነካው በበረዶ በተሞላ ፔርሙዝ ይዤ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ፔርሙዙን እያየች ትጠብቃለች። ሻይ መስሏታል። ቢልባላ የምትባለውን ከተማ አለፍን፣ አልቀዳሁም። ዕረፍት አደረግን፣ አልቀዳሁም። ፔርሙዝ ታቅፋ የማታቀምስ ንፉግ አይታ እንደማታውቅ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ነጠላዋን ፈታችና አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጠችኝ። «ዘንድሮ ማሽላው ሳያሽት ዝናቡ ሄደብን። ይቺ የአምና ናት» አለችኝ። በመስኮቱ ሳይ እውነቷን ነው፤ አገዳው ጉልበት አይደርስም። ያችን እፍኝ አንድ በአንድ ዱቄት እስኪሆን እያኘክሁ ሰቆጣ ገባሁ። የበረዶውን ነገር ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን እህል ያጠራት ሴት ፊት «ይህ እንዳይርበኝ የምወጋው ነው» ብሎ ማስረዳት አቃተኝ። ንፉግ መባሉን መረጥኩ።

ዓርብ

ሆቴላችን ማቀዝቀዣ አለው፣ መብራት ግን የለውም። በረዶዬ ቀልጦ አደረ። ባለቤቷ ወይዘሮ ዝናሽ በጠዋት ፔርሙዜን ይዤ ስንከራተት አይታ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። «ለወገቤ የታዘዘ መድኃኒት ነው፣ ሙቀት አይወድም» አልኳት። ከጓዳ የውሃ እንስራዋ ሥር ቦታ አበጅታ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችልኝና ቀኑን ሙሉ ጨርቁን ውሃ ስታጠጣው ዋለች። እኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤቴ መጀመሪያ «የምን መድኃኒት?»፣ ቀጥላ «ማን አዘዘልሽ?»፣ ከዚያ «እኔንም ወገቤን ያመኛል» ትል ነበር። ዝናሽ የጠየቀችኝ «ይማርሽ፣ ብዙ ያምሻል?» ብቻ ነው።

ዳዊት መጣ። አቅፎኝ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየኝና «ከሳሽ እኮ» አለኝ። «አንተም ሸበትክ» ብዬ ዘጋሁት። ከተማው አጠገብ ካለው፣ ከአለት ከተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ወሰደን። ውብ ነው፤ ስለ ውበቱ ግን ሌላ ይጻፍ፣ እኔ አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ስሰበስብ ነበር። ምሳ ሽሮ ሆነ። ዓርብ ቀን ለኔ የተባረከ ነው፤ ትንሽ የበላ ሰው ጿሚ ይባላል እንጂ ማንም አይመረምረውም።

ከምሳ በኋላ ዳዊት ስለ ለምለም አባት ነገረን። አባባ ኪሮስ ይባላሉ። ቃላቸው አንድ ነው፤ ከዚህ በፊት የመጣ ሽማግሌ በአንድ ነገር ቅር ቢያሰኛቸው «ቆዩ» እንዳሉት እስከ ዛሬ እየቆየ ነው አሉ። ጋሽ ተፈሪ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ

የመርፌዬ ቀን ቅዳሜ ነው። ከወጋሁ ማግስት ደግሞ ሆዴ እንደ ተኮሳተረች አማት ይሆናል። ልዝለለው ይሆን ብዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ነገር ግን የፍየል ሥጋ በሞላበት አገር ያ የዱሮው ረሃቤ ቢነቃስ? እሱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሰው ቤት ገብቶ አያፍርም። ወጋሁት።

ወደ እነ ለምለም መንደር በመኪና ሄደን መንገዱ ሲያልቅ በእግር ቀጠልን። ዱሮ ከቤቴ እስከ ታክሲ መሄድ አቅቶኝ የነበርኩ ሴት ያንን ዳገት በራሴ እግር ወጣሁት። ጋሽ ተፈሪ ከኋላዬ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሽማግሌውን ገድለሽ ማንን ልትልኪ ነው?» ሲሉ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

እነ ለምለም ደጅ ስንደርስ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ተባለ። ምግብ ተዘጋጅቷል፣ ሽታው ይጠራል። ጋሽ ተፈሪ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆሙና «የመጣንበትን ጉዳይ ሳትሰሙን አንቀመጥም፣ ሳትመልሱልንም እህል አንቀምስም» አሉ። ወጉ ይህ ነው። እኛም ዘንድ አለ፣ አዲስ አበባ ግን ሽማግሌው ይህን የሚለው ዓይኑን ወደ ጥብሱ እየሰደደ ነው። እዚህ የምር ነው። አባባ ኪሮስ ጥያቄውን ሰምተው «ከዘመድ ልምከር፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ ኑ» አሉ። ምግቡም ተመለሰ። ጋሽ ተፈሪ ምጣዱን በዓይናቸው ሸኙት። እኔማ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አለመብላት ሕግ የሆነበት ቤት! እድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ እየሆንኩ ብኖር ምን አለበት አልኩ።

ደስታዬ እስከ ማደሪያችን ነው የቆየው። ያሳደሩን ጎረቤት ባልና ሚስት በጣም ደግ ናቸው፤ ሴትየዋ ነጭ የዋግ ማር በውሃ በጥብጣ በትልቅ ዋንጫ አመጣችልኝ። «የደከመ ሰው ጉልበት ነው፣ አፈር ስሆን» አለችኝ። ጣፋጭ ለኔ ክልክል ነው፣ በአቋራጩ መንገድ ሮጦ ይወርድና ይጥለኛል። አፈር ስሆን ያለችን ሴት ግን እንዴት እምቢ ይባላል? ግማሹን ጠጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ደረቴን ደበደበው፣ ቤቱ ዞረ። መደብ ላይ ተጋደምኩ። ባልየው «ዓይን በልቷታል» አለና ጠበል አምጥቶ ከራሴ እስከ እግሬ አፈሰሰብኝ። በዋግ ብርድ እርጥብ ቀሚስ ለብሼ ስንቀጠቀጥ «ይኸው፣ ለቀቃት» ተባባሉ። በግማሽ ሰዓት ደህና ሆንኩ። ጠበሉ አዳናት ብለው ደስ ሲላቸው እኔም አሜን አልኩ። ሴትየዋ የራሷን ደረቅ ልብስ አልብሳኝ እሷ ነጠላ ለብሳ አደረች።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ገባን። አባባ ኪሮስ ቆመው «ልጃችንን ሰጥተናል» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ዳዊት ፊቱ ሲበራ ሳይ የእናታችንን ፊት ያየሁ መሰለኝ። ተቀመጥን፣ ምግብ ቀረበ፤ የፍየል ወጥ በማሽላ እንጀራ፣ ጥብስ፣ ከነሰፈፉ ማር። በዚያ ደረቅ ዓመት ያን ያህል ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው።

ከሥጋው ጀመርኩ፣ እንደተማርኩት በደንብ አኘክሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በቃ፣ በሩ ተዘጋ። የመርፌው ማግስት መሆኑን ሆዴ አልረሳም። እጄን ሰበሰብኩ።

የለምለም እናት እማማ ትርንጎ «ብይ እንጂ፣ በሞቴ» አሉኝ። «በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። አክስትየዋ «በሞቴ» አሉ። ጎረቤት «በሞቴ» አለ። ስንት ሰው በኔ ምክንያት እንደሞተ ቁጥሩ ጠፋኝ። ጋሽ ተፈሪ ሊረዱኝ ፈልገው ጉንጫቸው ሙሉ ሆኖ «ሱባዔ ላይ ናት» አሉ። እሑድ ቀን፣ ሥጋ ቀምሼ ሳለ። በኽምጠኛ መነጋገር ጀመሩ። ቋንቋውን አላውቅም፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር።

አባባ ኪሮስ እጃቸውን ታጠቡ። ማዕዱን ትተው ተቀመጡ።

«በኛ አገር» አሉ፣ «እህል የሚመልስ ሽማግሌ ጉዳዩ ያላለቀለት ነው። እኛ ቃላችንን ሰጥተናል። እንደ እናት ሆና የመጣችው እህል መለሰች። ምን ቀረ? ልጃችን ናት ያነሰችባችሁ ወይስ ቤታችን?»

«ኧረ ምንም የቀረ የለም፣ አባባ» አልኩ።

«እንግዲያው ብይ።»

ዳዊት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ በእናታችን ይዤሻለሁ፣ ብይ» አለኝ። ለምለም ጓዳው በር ላይ ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች። አራተኛውን ጎረስኩ። ዋጥኩት። ደግሞ አምስተኛውን። ከዚያ አፌን በእጄ ይዤ ተነስቼ ሮጥኩ፤ ከቤቱ ኋላ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር፣ የሠርግ ቃል የተሰጠበትን የዚያን ቤት ምግብ አስመለስኩት።

ከውስጥ የአባባ ኪሮስ ድምፅ ተሰማኝ። «ተጸየፈችን» አሉ። ቀጥለውም «ይቆይ» አሉ። ወንድሜን አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ በገዛ ሆዴ አጠፋሁት ብዬ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

እማማ ትርንጎ በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ። ፊቴን አጠቡኝ፣ አፌንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። «ነፍሰ ጡር እንዳልል ዕድሜሽ አልፏል» አሉኝ። «ታመሻል?»

መዋሸት ደከመኝ። ነገርኳቸው። ስወፍር እንዴት እንደነበርኩ፣ ጨጓራዬን እንዴት እንዳሳነሱት፣ እንደገና እንዴት እንደራበኝ ነገርኳቸው። መርፌውንም ጨመርኩ። ስጨርስ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ፤ ዝናብ በራቀው አገር፣ ለኔ ብላ ፍየሏን ያረደች እናት ፊት፣ መብላት በዛብኝ ብዬ ሆዴን ማስቆረጤን መናገሬ ነው።

«ከወጋሽው አይርብሽም?» አሉኝ።

«ብዙም አይርበኝም፣ እማማ። የረሃቡ ድምፅ ይጠፋል።»

ፊታቸውን ወደ ቁልቋሉ አዞሩ።

«ለምለም ሳትወለድ፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አሉ። «እህል አለ ሲባል ወደ ኮረም ይዣቸው ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ‹እማ፣ ራበኝ› እያሉ አለቀሱ። ይህ መርፌሽ ያኔ ቢኖር እወጋቸው ነበር። ማትረፉንስ አያተርፋቸውም። ብቻ አያለቅሱም ነበር።»

አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ምን በደልሽኝ? ራበሽ፣ ታከምሽ» አሉና ክንዴን ይዘው አነሱኝ። «በይ ተነሺ፣ ሰውዬው ‹ይቆይ› ማለት ከጀመረ ከብቱንም ከግጦሽ ያስቆያል።»

ገባን። እማማ ትርንጎ መሃል ቤት ቆመው በኽምጠኛ አወሩ። አልሰማሁም፣ ግን አየሁ። እጃቸውን ዘርግተው የዱሮ ወገቤን ለኩ፣ በጣታቸው እንቁላል ሠሩ፣ ከዚያ በአመልካች ጣታቸው ሆዳቸውን ወጉ። አክስትየዋ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዳዊት አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ የሐሞት ጠጠሩ መሆን አለበት ያናደደው። ጋሽ ተፈሪ ጉርሻቸውን በአየር ላይ ይዘው «ያ ሁሉ ሱባዔ?» አሉኝ። «ያ ሁሉ ሱባዔ» አልኳቸው።

አባባ ኪሮስ አልሳቁም። «እህል ሳይነካ የሚጸና ነገር እኔ አላውቅም» አሉ።

«ትንካዋ» አሉ እማማ ትርንጎ። ወደ እኔ ዞሩ። «መብላት ካቃተሽ፣ አጉርሺን።»

እጄን ታጠብኩ። ማዕዱ ዘንድ ተንበረከክሁና ማጉረስ ጀመርኩ። መብላት ባልችል ማጉረስ አውቃለሁ፤ ዱሮም ጉርሻዬ አፍ ያስከፍታል እየተባለ ይታማል። እማማ ትርንጎን አጎረስኩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አኘኩ። ለምለምን አጎረስኩ፣ እጄን ሳመችኝ። ዳዊትን ሳጎርሰው ሕፃን ሆኖ እንደማጎርሰው አፉን ቀደም ብሎ ከፈተ። ጎረቤቶቹን፣ አክስትየዋን፣ ጠግበናል የሚሉትን ጋሽ ተፈሪን ሳይቀር አጎረስኩ።

አባባ ኪሮስ ቀሩ። ከሥጋውም ከእንጀራውም መርጬ ጠቅልዬ ዘረጋሁላቸው። አፋቸው እንደተገጠመ ነው።

«አንድ ነገር ፈራሁ» አሉኝ። «ልጄ አንቺ ዘንድ ልትገባ ነው። የማይርባት ሴት የሰው ረሃብ ይታያታል?»

ወጡ በጣቴ መሃል ወርዶ ክንዴን ያዘው።

«አባባ» አልኩ፣ «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ተርቤ ነው የኖርኩት። ከበላሁ በኋላ እንኳ ይርበኝ ነበር። ረሃብ ሰው ፊት ላይ ሲመጣ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ልጅዎ እኔ ቤት ‹ራበኝ› እስክትል አልጠብቅም።»

አባባ ኪሮስ ጢማቸውን በመዳፋቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉና አፋቸውን ከፈቱ።